ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ፦ የባቡር ምልክት ቤት ታሪክ

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይላሉ አበው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የባቡር ነገር በተነሳ ቁጥር የሚደመጡት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። መቼ ነው ሥራ የሚጀምረው? ስንት ገንዘብ ወጣበት? ዕዳውን ማን ይከፍላል? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ጥያቄ ግን ሲነሳ አይሰማም። ለመሆኑ ባቡሩን “እለፍ”፣ “ቁም” የሚለው ማን ነው?

ጥያቄው የባለሙያዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሐዲድ ብቻውን ብረት ነው፤ ድልድይም ብቻውን ሲሚንቶ ነው። ብረቱንና ሲሚንቶውን የባቡር መንገድ የሚያሰኘው፣ በላዩ የሚሄደውን ሁሉ በሥርዓት የሚያስኬድ ትዕዛዝ ሰጪ አካል መኖሩ ነው። ይህ አካል በባቡር ታሪክ ውስጥ የምልክት ቤት ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የምልክት ቤትን አመጣጥ፣ በአገራችን የነበረውን ሁኔታና በኮምቦልቻ በኩል የተዘረጋው መስመር የገጠመውን ዕጣ ለአንባቢያን ባጭሩ ማስቃኘት ነው።

የምልክት ቤት ምንድን ነው?

የመኪና አሽከርካሪ አደጋ ሲያይ ፍሬን ይይዛል፣ መሪ ይጠመዝዛል። የባቡር ነጂ መሪ የለውም። ፍሬን ቢይዝም ጭነት የተሸከመ ባቡር ከመቆሙ በፊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮችን፣ አንዳንዴም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊንሸራተት ይችላል። በዓይኑ አይቶ ሊቆም ስለማይችል፣ ከማየቱ በፊት የሚነግረው ይፈልጋል።

የምልክት ቤት ለነጂው ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስለታል። ከፊቴ ያለው መንገድ ነፃ ነው ወይ? የሐዲዱ መቀየሪያ የዞረው ወደየት ነው? ከወዲያ በኩል ወደ እኔ የሚመጣ አለ ወይ? ጥንታዊው የምልክት ቤት ብዙውን ጊዜ ፎቅና መስኮቱ ሰፊ የሆነ፣ ከሐዲዱ ዳር የቆመ አነስተኛ ቤት ነበር። ውስጡ በረድፍ የቆሙ የብረት ዘንጎች፣ ከጎረቤት ጣቢያ ጋር የሚያነጋግር ደወልና ቴሌግራፍ እንዲሁም የእያንዳንዱ ባቡር ማለፊያ ሰዓት የሚሰፍርበት መዝገብ ይገኙበታል። ሠራተኛው ዘንጉን ሲስብ፣ ሽቦና የብረት መጎተቻ አልፎ ሄዶ በሩቁ ያለውን ምልክት ያነሳል ወይም መቀየሪያውን ያዞራል።

የቤቱ ትልቁ ምስጢር ግን ከወለሉ በታች ነው። ዘንጎቹ እርስ በርሳቸው የሚቆላለፉበት የብረት ማሽን እዚያ አለ። መቀየሪያው ወደ ጎን ሐዲድ ዞሮ ከሆነ፣ ለዋናው መስመር “እለፍ” የሚለውን ምልክት የሚያነሳው ዘንግ አይነቃነቅም። ሠራተኛው ቢደክመው፣ ቢሳሳት ወይም ቢያብድ እንኳ ብረቱ እምቢ ይለዋል። የሕግ ባለሙያ ይህን ሲያይ መቅናቱ አይቀርም። እኛ “አታድርግ” ብለን ጽፈን፣ አድርጎ ሲገኝ እንቀጣለን። የምልክት ቤት ግን ስህተቱ ገና ከመፈጸሙ በፊት እንዳይቻል ያደርገዋል።

በደም የተጻፈ ደንብ

ይህ ብልሃት ከባቡር ጋር አብሮ አልተወለደም። የሊቨርፑልና ማንችስተር መስመር እ.ኤ.አ. በ1830 ሲከፈት፣ ባቡሮችን የሚያስተናግዱት በሐዲዱ ዳር የቆሙ የኩባንያው ጠባቂዎች ነበሩ። በእጅ ምልክትና በባንዲራ ያሳልፋሉ፤ ሌሊት ፋኖስ ይጠቀማሉ። አንድ ባቡር ካለፈ በኋላ የተወሰኑ ደቂቃዎች ተቆጥረው ሌላው ይለቀቃል። የፊተኛው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቢቆም ግን የኋለኛው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1856 ጆን ሳክስቢ የተባለ እንግሊዛዊ ምልክቱና መቀየሪያው አንድ ላይ እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርግ መሣሪያ በስሙ አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1874 በኖርዊች ከተማ አቅራቢያ ቶርፕ በተባለ ስፍራ፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጭተው ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ በሁለት የጣቢያ ሠራተኞች መካከል የተፈጠረ የቴሌግራፍ መልዕክት አለመግባባት ነበር። ይህን አደጋ ተከትሎ ኤድዋርድ ታየር የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1878 ለነጠላ ሐዲድ መስመር የሚሆን መሣሪያ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። በሁለት ጣቢያዎች መካከል ያለውን መንገድ ለመያዝ ነጂው አንድ የብረት ሰሌዳ በእጁ መያዝ አለበት። አንዱ ሰሌዳ ከወጣ፣ ወደ መሣሪያው እስኪመለስ ድረስ ከሁለቱም ጣቢያ ሌላ ሰሌዳ አይወጣም። ሰሌዳው ከሌለ ጉዞ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1889 ደግሞ በአየርላንድ አርማ ከተማ አቅራቢያ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችንና ቤተሰቦቻቸውን ለሽርሽር የጫነ ባቡር ዳገት አቃተው። ለሁለት ከተከፈለ በኋላ የኋለኞቹ ፉርጎዎች ቁልቁል ተንሸራትተው ከሚከተላቸው ባቡር ጋር ተጋጩ። 80 ያህል ሰዎች ሞቱ። የብሪታንያ ፓርላማ በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ፣ በአንድ የመንገድ ክልል ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ እንዳይገባ፣ ምልክትና መቀየሪያ እንዲቆላለፉ፣ የመንገደኛ ባቡሮችም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሠራ ፍሬን እንዲኖራቸው አስገደደ። ኩባንያዎቹ ወጪው በዛብን ሲሉ የቆዩበት ጉዳይ በልጆች አስከሬን ፊት ተዘጋ።

መሣሪያው ቢኖርም ሰው ደንቡን ከተወ ግን ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1915 በስኮትላንድ ኩዊንቲንስሂል በተባለው የምልክት ቤት ሁለት ሠራተኞች በልማድ ከደንቡ ውጪ በሆነ ሰዓት ይቀያየሩ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት ከመስኮታቸው ሥር የቆመውን ባቡር ረስተው ወታደሮችን የጫነ ሌላ ባቡር አሳለፉ። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ሁለቱም ሠራተኞች ተከሰው ታሰሩ። ለክሱ ዋና ማስረጃ ከሆኑት መካከል ያ የሰዓት መዝገብ ይገኝበታል።

የእኛው ነባር መስመር

ወደ አገራችን እንመለስ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ኩባንያው በገንዘብ እጦት ወድቆ ሥራው ለዓመታት ከተቋረጠ በኋላ፣ በአዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ ተይዞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ መስመር ነጠላ ሐዲድ ነበር። ስፋቱም አንድ ሜትር ነው።

ነጠላ ሐዲድ ማለት የሚመጣውና የሚሄደው ባቡር በአንድ መንገድ ይጠቀማሉ ማለት ነው። መተላለፍ የሚችሉት ተጨማሪ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው። በዚህም የተነሳ በበረሃው መሃል እንደ ዶቃ የተደረደሩት ትናንሽ ጣቢያዎች መንገደኛ ከማውረድና ከመጫን የበለጠ ተግባር ነበራቸው። የምልክት ቤቱም፣ ትዕዛዝ ሰጪውም የጣቢያው ሹም ነው። ከጎረቤት ጣቢያ ጋር በሽቦ ይነጋገራል፤ መንገዱ ነፃ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከዚያም ባቡሩን ይለቃል። በሌላው ዓለም በብረት ማሽን የተሠራው ጥበቃ እዚህ በአመዛኙ በሰው ቃልና በሰው ጥንቃቄ ላይ የቆመ ነበር። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር፣ “ለገሃር” የሚለውን ቃላችንን ያገኘነውም ከዚያው ነው።

የዚህ አሠራር ጥንካሬም ድካምም ሰው መሆኑ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ በኩርባ ላይ ባለ ድልድይ የመንገደኛ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። የሟቾቹ ቁጥር 428 መሆኑ ተገልጿል። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በምክንያትነት የተጠቀሰው ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ወደ ኩርባው መግባቱ ነበር። በዘመናዊ የምልክት ሥርዓት፣ ነጂው ከተፈቀደው ፍጥነት ካለፈ መሣሪያው ራሱ ፍሬን ይይዛል። በዚያ ባቡር ላይ በነጂውና በገደሉ መካከል የቆመ ሌላ ከልካይ አልነበረም።

ነባሩ መስመር በ1973 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ። ከዚያ በኋላም እየተዳከመ ሄዶ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ድሬዳዋ ላይ ጣቢያው፣ የጥገና ፋብሪካውና አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች ቀርተዋል። ሙያው ግን በጡረተኞች አእምሮ ውስጥ ነው ያለው። ጡረተኛ ደግሞ እንደ ሎኮሞቲቭ ቆሞ አይጠብቅም።

የመንገድ መገናኛዋ ኮምቦልቻ

ከደሴ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች የተንጣለለችው ኮምቦልቻ ከጥንስሷ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣው መንገድ እዚህ ይከፈላል። አንዱ ደሴን አልፎ ወደ ሰሜን ይዘልቃል፤ ሌላው በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ ይወርዳል። ኢትዮጵያና ኢጣሊያ በሐምሌ 1920 ዓ.ም. የተፈራረሙት የወዳጅነት ስምምነት፣ ኢትዮጵያ በአሰብ ነፃ ቀጠና እንድታገኝና ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራ የሚያስችል ነበር። ስምምነቱ በወዳጅነት አልተፈጸመም። ኢጣሊያ መንገዱን የሠራችው አገሪቱን ከወረረች በኋላ ነው። እስከ 1990ው የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ድረስ የአገሪቱ ዋና የወደብ ጭነት በኮምቦልቻ በኩል ያልፍ እንደነበር የከተማዋ የዕድሜ ባለጸጎች አይዘነጉትም።

ባቡር ለዚህች ከተማ ቃል የተገባላት በአዲሱ የብሔራዊ ባቡር ዕቅድ ነው። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የአዋሽ-ኮምቦልቻ-ሐራ ገበያን መስመር እንዲገነባ ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር በ2004 ዓ.ም. ተዋዋለ። ግምቱ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን፣ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ቀሪው ወልዲያ አጠገብ እስካለችው ሐራ ገበያ ይዘልቃል። መነሻው አዋሽ ሲሆን፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር ጋር የሚገናኘውም እዚያው ነው።

ይህም መስመር እንደ ጥንቱ ነጠላ ሐዲድ ነው። ልዩነቱ ውሉ ሐዲድ ከማንጠፍ አልፎ የኤሌክትሪክ፣ የምልክትና የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራዎችን ማጠቃለሉ ነው። በዚህ ዘመን የምልክት ቤት ዘንግና ሽቦ የለውም። ኮምፒውተር፣ ገመድና የመቆጣጠሪያ ስክሪን ነው። በአንድ ክፍል የተቀመጠ ሠራተኛ በመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለን መቀየሪያ ያዞራል። ሥራው ግን ያው ነው፤ የታየር ሰሌዳ በኮምፒውተር ቋንቋ ተጽፏል ማለት ይቻላል። ከአዋሽ ቆላ ተነስቶ በዋሻና በድልድይ ወደ ወሎ ደጋ ለሚወጣ መስመር ደግሞ አስተማማኝ ምልክት የቅንጦት ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ቁልቁለቱ እንደ አርማው ቁልቁለት ይቅርታ አያውቅም።

የሚያሳዝነው ግንባታው ከተጀመረ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላም መስመሩ መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ መቆየቱ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሊጠናቀቅ ጥቂት እንደቀረው ደጋግሞ ተነግሮለታል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦት፣ የገንዘብና የውጭ ምንዛሪ ችግር አሰሩት። በላዩ ላይ ጦርነት መጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቀው፣ በኅዳር መጨረሻ እስኪለቀቁ ድረስ ከተሞቹ የደረሰባቸው ዘረፋና ውድመት ይታወቃል። የባቡር ፕሮጀክቱም ከጉዳቱ አላመለጠም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ደረቅ ወደቡ ባቡሩን ታሳቢ ያደረጉ ነበሩ። ጭነታቸውን የሚያመላልሱት ግን በመኪና ነው።

ሥራ ፈትቶ የሚያረጅ መሣሪያ

እዚህ ላይ በአሮጌውና በአዲሱ የምልክት ቤት መካከል ያለውን ትልቅ ልዩነት ማስተዋል ያሻል። በብሪታንያ ሽሩስበሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1903 የተሠራ፣ 180 ዘንጎች ያሉት የምልክት ቤት ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። ብረት ዘይት ከተቀባ ይሠራል። የተሰበረውን አንጥረኛ ይቀጥለዋል። ኤሌክትሮኒክስ ግን ተሠራበትም አልተሠራበት ያረጃል። ባትሪው ይሞታል፣ ፕሮግራሙ ጊዜ ያልፍበታል፣ የመለዋወጫው አምራች ሞዴሉን ይተዋል። ገመዱ ጥበቃ ከሌለው ይሰረቃል። ሐዲድ ዝናብና ፀሐይ ችሎ ለዓመታት ይጠብቅ ይሆናል፤ የምልክት መሣሪያ ግን አይጠብቅም።

ሰውም እንደዚሁ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የባቡር የልህቀት ማዕከልና በሌሎችም ተቋማት የሠለጠኑ ወጣት መሐንዲሶች አሉን። የምልክት ሙያ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ በፈረቃ የሚለመድ ነው። የአዲስ አበባ-ጅቡቲው መስመር ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የንግድ ሥራውን ሲጀምር የሚያንቀሳቅሱት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። አመራሩ ሙሉ በሙሉ ለሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች የተላለፈው በ2016 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት የፈጀው፣ ሙያው በሥራ ላይ ብቻ ስለሚተላለፍ ነው። ባቡር በማይሄድበት መስመር ላይ ማን ከማን ይማራል?

ቅርስ ሲባል

በሌላው ዓለም ያረጀ የባቡር መስመር በበጎ ፈቃደኞች እየተጠገነ ለጎብኚ ያገለግላል። የዌልሱ ታሊሊን እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በዚህ መንገድ በመሥራት ቀዳሚ ነው። በእንግሊዝ አገር አሮጌ የምልክት ቤቶች በኮምፒውተር ሲተኩ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ ጊዜ 26ቱ በቅርስነት ተመዝግበዋል። ሩቅ ከመሄድም ጎረቤታችንን ኤርትራን ማየት ይበቃል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የቆመውን 118 ኪሎ ሜትር የአስመራ-ምጽዋ መስመር፣ ከነፃነት በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞችን ጠርታ አስጠገነችው። እ.ኤ.አ. በ2003 ዳግም ተከፈተ። የጠገኑት ሽማግሌዎች ሙያውን በጭንቅላታቸው ይዘው ባይቆዩ ኖሮ፣ ብረቱ ብረት ሆኖ ይቀር ነበር።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው በሰው የፈጠራ ችሎታና የጉልበት ውጤትነቱ፣ እንዲሁም በሳይንሳዊና ታሪካዊ ዋጋው ነው። ትርጉሙ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶችና በቤተ መንግሥቶች አይወሰንም። የድሬዳዋ ጣቢያ መዝገቦች፣ የጣቢያ ስልኮች፣ ፋኖሶችና መቀየሪያዎች በዚህ ትርጉም ውስጥ ይገባሉ ብዬ አምናለሁ። ብረታ ብረት ተብለው በኪሎ ከተሸጡ፣ የጠፋውን የሚመልስ አንቀጽ የለም።

የኮምቦልቻው መስመር ጉዳይ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እሱ ቅርስ ሊባል አይገባውም። ቅርስ የሚባል አገልግሎ የደከመ ነገር ነው፤ ይህ ገና አላገለገለም። አንድ ትውልድ የተበደረበት፣ የሚቀጥለው የሚከፍልበት መስመር ሳይኖር ወደ ታሪክ መዝገብ ቢገባ፣ በሙዚየም የምናስቀምጠው ቅርስ ሳይሆን ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይደረጉ እንላለን። አንደኛ፣ ሌላው ሥራ ሁሉ እስኪሟላ ሳይጠበቅ የመስመሩ የምልክትና የቴሌኮሙኒኬሽን ዕቃዎች ይቆጠሩ፤ ያለው፣ የተበላሸውና የተዘረፈው ተለይቶ ለሕዝብ ይገለጽ። ሕዝብ የተበደረበትን ንብረት ሁኔታ የማወቅ መብት አለው። ሁለተኛ፣ በዚህ መስመር ላይ እንዲሠሩ የታሰቡ ወጣቶች በአዲስ አበባ-ጅቡቲው መስመር የመቆጣጠሪያ ክፍሎች በፈረቃ ገብተው ይለማመዱ። ሦስተኛ፣ የነባሩ ባቡር የጣቢያ ሹሞችና ነጂዎች በሕይወት እያሉ ቃላቸው ይቀረጽ፤ መዝገቦቻቸውም ይሰብሰቡ።

የባቡር ደንቦች አብዛኞቹ ሰው ከሞተ በኋላ የተጻፉ ናቸው። ቶርፕም፣ አርማም፣ አዋሽም ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ግን አንድም ባቡር ሳይጋጭ፣ አንድም ሰው ሳይሞት ደንቡንም መሣሪያውንም አስቀድሞ የማሰናዳት ዕድል አለን። ይህን ዕድል ሌሎች አላገኙትም።